ሰላሳ ግራም በማን ማንኪያ?
በብሔራዊው የአመጋገብ መመሪያ የስኳር ምክር ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ምግብ-ተኮር ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያ በ2014 ዓ.ም. ይፋ አድርጋለች። ሥራውን በዋናነት የመራው በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። መመሪያው ስለ ጥራጥሬ፣ ስለ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ስለ እንስሳት ተዋጽኦ፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ጨው፣ ስለ ውኃና ስለ አካል እንቅስቃሴ አጫጭር ምክሮችን ይሰጣል። ከእነዚህ ምክሮች አንዱ የስኳር፣ የጣፋጭ ምግቦችና የለስላሳ መጠጦች አወሳሰድ በቀን ከ30 ግራም በታች እንዲሆን የሚያሳስበው ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ አንድ ምክር ነው። ለምርመራው የሚያገለግሉት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ቁጥሩ ትክክል ነውን? አገላለጹ ግልጽ ነውን? ምክሩ የደረሰው ሰው ሊፈጽመው ይችላልን? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አዎን ነው። ሁለተኛው መጠነኛ እርማት ይሻል። ዋናው ችግር የሚገኘው በሦስተኛው ላይ ሲሆን፣ ይኸውም በአገራችን ስኳር ብዙውን ጊዜ የሚጨመረው በጠጪው እጅ ሳይሆን በአቅራቢው እጅ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለጠጪው ብቻ የሚነገር ምክር፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ግማሽ ምክር ሆኖ ይቀራል። ይህን ጉድለት ማሟላት የሚችለው ደግሞ ከታካሚው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው የጤና ባለሙያ ነው።

የቁጥሩ መሠረት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ነፃ ስኳር ተብሎ የሚጠራው ከዕለቱ ጠቅላላ ኃይል ከ10 ከመቶ እንዳይበልጥ በጥብቅ ሲመክር፣ ከ5 ከመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል አመልክቷል። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው የመጀመሪያው ጣሪያ 50 ግራም፣ ሁለተኛው 25 ግራም ይሆናል። ነፃ ስኳር ማለት በፋብሪካ፣ በማእድ ቤት ወይም በገበታ ላይ ከምግብና ከመጠጥ ጋር የሚቀላቀለው ስኳር ብቻ አይደለም። ማር፣ ሽሮፕና የፍራፍሬ ጭማቂ በተፈጥሯቸው የያዙትም ስኳር ይጨመርበታል። ሙሉው ፍራፍሬና ወተት በተፈጥሯቸው የያዙት ስኳር ግን ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የእኛ መመሪያ የመረጠው 30 ግራም በሁለቱ ጣሪያዎች መካከል፣ ወደ ጥብቁ በመጠጋት የተቀመጠ ነው። እንግሊዝ ለአዋቂዎች የያዘችው መጠንም ይኸው 30 ግራም ነው። የጥርስ መበስበስን፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትንና ከዚያ የሚከተለውን ሁለተኛውን ዓይነት የስኳር በሽታ ለመከላከል ይህ ተገቢ መጠን መሆኑ አያጠያይቅም።

ጉዳዩ የሀብታም አገሮች ጉዳይ ነው የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል። ኢንስቲትዩቱ ራሱ በ2007 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ኢትዮጵያውያን ላይ ያካሄደው አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት ግን ከ100 ሰዎች 6 በሚሆኑት ላይ ከፍ ያለ የደም ስኳር መጠን አግኝቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ የነፍስ ወከፍ የስኳር ፍጆታችን ዝቅተኛ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አማካይ ቁጥር የገጠሩን ቤተሰብና ካፌ፣ ጭማቂ ቤትና ኬክ ቤት በየመንገዱ ያሉበትን ከተሜ በአንድ ላይ ስለሚደምር፣ ለአዲስ አበባ ሐኪም ብዙ አይነግረውም።

ግራምና ማንኪያ

የምክሩ አገላለጽ ሁለት ግድፈቶች ይታዩበታል። የመጀመሪያው «ስኳር፣ ጣፋጭ ምግቦችና ለስላሳ መጠጦች ከ30 ግራም በታች» ሲባል የሚለካው ምን እንደሆነ አለመለየቱ ነው። 30 ግራሙ የስኳሩ ክብደት ነው ወይስ የኬኩና የለስላሳው? ባለሙያ የስኳሩ መሆኑን ይረዳል። ተራው አንባቢ ግን 30 ግራም ኬክ ወይም 30 ግራም ለስላሳ ብሎ ቢተረጉመው አይፈረድበትም። ሁለተኛው ግድፈት አጭሩ ምክር ማርንና ጭማቂን በስም አለመጥራቱ ነው። በአገራችን ማር ከምግብነቱ አልፎ እንደ መድኃኒት የሚታይ ስለሆነ፣ «ስኳር ትቼ በማር ተክቻለሁ» የሚል ታካሚ ምክሩን የፈጸመ እንጂ የጣሰ አይመስለውም። በየጭማቂ ቤቱ በብርጭቆ የሚቀርበው ስፕሪስም ስኳር ተጨምሮበትም ሆነ ሳይጨመርበት፣ ፍራፍሬ ነውና ከሒሳቡ ውጭ እንደሆነ ተደርጎ ይታሰባል። በተለይ ለአራስና ለሕመምተኛ የሚወሰደው የብቅል መጠጥም አልኮል ስለሌለው ብቻ የጤና መጠጥ የሚል ስም አግኝቷል።

ከእነዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን መለኪያው ነው። በሽሮ ሜዳም ሆነ በቀጨኔ፣ በአዲሱ ገበያም ሆነ በሩፋኤል፣ ስኳርን በግራም የሚለካ ቤት የለም። ስኳር የሚለካው በማንኪያ፣ በሲኒና በጠርሙስ ነው። ስለዚህ ግራሙን ወደ እነዚህ መለኪያዎች መለወጥ የባለሙያው ድርሻ ይሆናል። ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። 30 ግራም እንግዲህ ወደ 7 ማንኪያ ተኩል ገደማ ነው። ከ30 በታች ለመሆን 7 ማንኪያ ብሎ መያዝ ይቀላል። ማንኪያው ከተቆለለ ግን ክብደቱ ከዚህ በእጅጉ ስለሚበልጥ 5 ማንኪያ እንኳ ሙሉውን ድርሻ ሊጨርስ ይችላል። የተለመዱት የኮላ መጠጦች በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 10 ግራም ተኩል ስኳር ይይዛሉ። በመሆኑም አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ብቻውን ወደ 32 ግራም ያህል ስኳር አለው። ይህም ማለት አንድ ለስላሳ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ሻዩንም ቡናውንም ያለ ስኳር ቢጠጣ እንኳ ጣሪያውን አልፏል ማለት ነው።

ለስላሳ የማይቀምስ ሰውስ? ለምሳሌ ያህል ጠዋት ሻይ በ3 ማንኪያ፣ ከምሳ በኋላ ሦስቱን ሲኒ ቡና፣ አቦል፣ ቶናና በረካ፣ በየሲኒው በአንድ ማንኪያ ተኩል፣ ማምሻውን ደግሞ ሻይ በ2 ማንኪያ የሚጠጣ ሰው እንውሰድ። ድምሩ 9 ማንኪያ ተኩል፣ ይኸውም 38 ግራም ነው። ይህ ሰው ኬክ አልቆረሰም፤ ከረሜላ አልመጠጠም፤ ራሱንም ጣፋጭ ወዳድ አድርጎ አያስብም። «ጣፋጭ ይበላሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «በፍጹም» ነው፤ መዋሸቱም አይደለም። የጎደለው የእኛ ጥያቄ ነው።

ስኳሩን የሚጨምረው ማን ነው?

ከላይ የተጠቀሰው ምሳሌ አንድ ነገር ደብቋል። ያን 9 ማንኪያ ተኩል ስኳር የጨመረው ሰውየው ነው ብለን በዝምታ አልፈናል። እውነታው ግን ሌላ ነው። በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ በብዙ ቤት ስኳሩ ቡናው ከመቀዳቱ በፊት በሲኒው ውስጥ ይጨመራል። መጠኑን የምትወስነውም ቡና አፍዪዋ ናት። በብዙ ትንንሽ ሻይ ቤቶችም ሻዩ ስኳሩ ተጨምሮበት ይመጣል። ጠጪው አስቀድሞ «ስኳር ይነስልኝ» ካላለ በስተቀር ምርጫ የለውም። ይህን ማለት ደግሞ በገዛ ገንዘቡ በሚጠጣበት ሻይ ቤት ቀላል ቢሆንም፣ በሰው ቤት በእንግድነት ተቀምጦ ግን ቀላል አይደለም።

ስኳር በእኛ ዘንድ ከጣዕም በላይ ትርጉም አለው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ እንኳ ስኳር ለረጅም ጊዜ ከብዙኃኑ ገበታ የራቀ ነበር። ቡና በጨው የሚጠጣባቸው የገጠር አካባቢዎች ዛሬም አሉ። በኋላም እጥረት በተከሰተባቸው ዓመታት ስኳር ከሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር በኮታ፣ በወረፋ የሚገኝ ዕቃ ሆኖ ቆይቷል። በወረፋ የተገኘን ነገር ለእንግዳ ማብዛት አክብሮት ነው፤ ማሳነስ ደግሞ ንፍገት ይመስላል። ሕመምተኛ ሲጠየቅ ጭማቂ ወይም ለስላሳ ይያዛል። አራስ ስትጠየቅ አጥሚቱ ይጣፍጣል። በማኅበርና በልደት፣ በምርቃትና በሠርግ ለስላሳው በሳጥን ይቀርባል። በሱቅም ዝርዝር ሳንቲም ሲጠፋ መልሱ በማስቲካና በከረሜላ የሚሰጥበት ልማድ አለ። በዚህ ሁሉ መካከል ያለ ሰው በቀን የሚወስደው ስኳር ከፈቃዱ ይልቅ የዘመድ ወዳጁን ደግነት የሚያንጸባርቅ ይሆናል።

የጤና ባለሙያውም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። የሥነ ምግብ ትምህርታችን ያደገው ከረሀብና ከምግብ እጥረት ጋር በተደረገ ትግል ውስጥ ነው። ለተቅማጥ ሕመምተኛ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ማጠጣትን ለእናቶች ያስተማረ ትውልድ ስኳርን የሚያውቀው በሕይወት አድንነቱ ነው። በጽኑ የተጎዳ ሕፃን የደም ስኳሩ እንዳይወርድ ስኳር በውኃ ማጠጣትም የዚሁ ትምህርት አካል ነው። ይህ እውቀት ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ነገር ግን በአንድ ጤና ጣቢያ በአንዱ ክፍል የተጎዳ ሕፃን፣ በሌላው ክፍል ውፍረትና የስኳር በሽታ ያለባት አያቱ በሚታከሙበት በዚህ ዘመን፣ ለሁለቱ አንድ ዓይነት የስኳር ትምህርት መስጠት አይቻልም። አዲሱ መመሪያ ሁለተኛውን ገጽ ከፍቷል፤ እንዴት እንደሚነበብ ግን ገና ሥልጠና ይሻል።

የበሽታው ስም ያመጣው መዘዝ

በአማርኛ በሽታው «ስኳር» መባሉ ለሕክምናው እንቅፋት ሆኗል ማለት ይቻላል። ከስሙ ተነሥቶ ሕዝቡ ሁለት የተሳሳቱ መደምደሚያዎች ላይ ይደርሳል። አንደኛው፣ ስኳር በሽታ የሚይዘው ስኳር የሚልስ ሰው ብቻ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚጎዳው፣ በሽታው የያዘው ሰው ስኳርን ካቆመ ሌላው ምግብ አያሳስበውም የሚለው ነው። በመሆኑም ሻዩን ያለ ስኳር እየጠጣ ከጎኑ ሁለት ዳቦ የሚበላ፣ ማታ ደግሞ እንጀራውን ያለ ልክ የሚያጥፍ ታካሚ፣ መለኪያው ከፍ ሲል ግራ ይጋባል፤ አንዳንዴም በመድኃኒቱ ላይ ያለው እምነት ይሟጠጣል። ዳቦውና እንጀራው ከተፈጩ በኋላ በደም ውስጥ ግሉኮስ እንደሚሆኑ አስቀድሞ የነገረው የለምና።

«ስኳር ፈጽሞ እንዳይደርስብዎት» የሚለው ጥብቅ ትእዛዝ ሌላም አደጋ አለው። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሊወርድበት ይችላል። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ያው ስኳር ነው። ታካሚው በንቃት ላይ ካለና መዋጥ ከቻለ 15 ግራም ያህል፣ ማለትም ከ3 እስከ 4 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ አሟሙቶ፣ ወይም ስኳር ያለው ለስላሳ ግማሽ ጠርሙስ ወዲያውኑ መጠጣት አለበት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ተለክቶ ካልተስተካከለ ይደገማል፤ ሲስተካከልም ምግብ ይከተላል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም ሊሰጥ አይገባም፤ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል። «ስኳር መርዝ ነው» ብለን ያስተማርነው ቤተሰብ፣ የሚያልበውንና የሚንቀጠቀጠውን አባት ስኳር ማጠጣት ይፈራል። ስለዚህ ማንኛውም የስኳር ቅነሳ ምክር፣ ታካሚው የሚወስደውን መድኃኒት ሳይጠይቁ የሚሰጥ ከሆነ፣ ጎጂ ሊሆን ይችላል።

የጾም ወቅት ይህን አደጋ ያጎላዋል። እስከ 9 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሳይቀምስ የሚቆይ ታካሚ በመጀመሪያ የደም ስኳር መውረድ ያሰጋዋል። ሲያፈጥር ደግሞ የቆየው ረሀብ ወደ ጣፋጭ ሻይ፣ ወደ ዳቦና ወደ ለስላሳ ይገፋዋል። በረመዳንም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ ቦታ ስላላቸው፣ ባለሙያው ታካሚው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር እንዲመክር ማበረታታትና የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ከጾሙ በፊት ማስተካከል ይጠበቅበታል። በመከልከል ብቻ የሚያልፍ ባለሙያ የሚያተርፈው፣ ጾሙን የሚደብቀው ታካሚ ነው።

አምሮትን ስለ መግራት

«ተው» የሚለው ቃል ትእዛዝ እንጂ ምክር አይደለም። ምክር የሚሆነው እንዴት እንደሚተው ሲነገር ነው። የጣፋጭ አምሮት የደካማ ፈቃድ ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም። የሰው ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ለጣፋጭ ያደላል፤ የእናት ጡት ወተትም ጣፋጭ ነው። በዚህ ላይ ልማድ፣ ሰዓት፣ ቦታና አብሮ የሚበላው ምግብ ይደራረባሉ። ስኳር እንደ ኒኮቲን ወይም እንደ አልኮል ሱስ ያስይዛል ወይ የሚለው ክርክር በሰው ላይ በተደረጉ ጥናቶች እልባት ስላላገኘ፣ ታካሚን «ሱሰኛ» ብሎ ማሸማቀቅ በሳይንስም በሥነ ምግባርም አይደገፍም። በሌላ በኩል የሚያጽናና እውነት አለ። ስኳርን ለሳምንታትና ለወራት የቀነሰ ሰው ቀድሞ ልክ መስሎ ይታየው የነበረው መጠን ከበፊቱ ይልቅ ይጣፍጠዋል። ምላስ ይለምዳል፤ ለመልመድ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል የሕክምና ምክር ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት በምክር ክፍሉ ውስጥ «ጣፋጭ ይወዳሉ?» በሚለው ፈንታ አምስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይጠቅማል። በቀን ስንት ሻይና ስንት ሲኒ ቡና ይጠጣሉ? በእያንዳንዱ ስንት ማንኪያ፣ የተቆለለ ነው ያልተቆለለ? ስኳሩን የሚጨምረው ማን ነው? አምሮቱ የሚበረታው በስንት ሰዓት ነው? ከዚያ በፊት የበሉት መቼ ነው? ጥያቄዎቹ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጁም። መልሶቹ ግን ቅነሳው ከየት መጀመር እንዳለበት ያሳያሉ።

ቅነሳው ከተቆለለው ማንኪያ ወደ ያልተቆለለው በመውረድ ሊጀምር ይችላል። ይህ በቁጥር የሚታይ ነገር ስላልቀነሰ ለታካሚው የሚከብድ አይመስለውም። ከዚያ በየአንድ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ይከተላል። ሻይ በቀረፋ፣ በቅርንፉድና በሄል፣ ቡናም በጤናዳም ሲታጀብ መዓዛው የጎደለውን ጣዕም በከፊል ይሸፍናል። ቅመሞቹ የደም ስኳርን ይቀንሳሉ ተብለው እንዲወሰዱ ግን መመከር የለበትም፤ የሚያገለግሉት ለጣዕም ነው። በግብዣ ላይ በለስላሳ ፈንታ ጣዕም ያልተጨመረበት አምቦ ውኃ መጠየቅ እንግዳውን ያለ መጠጥ ከመቀመጥ፣ ጋባዡንም ከኀፍረት ያድናል። ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎችን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ክብደትን ለመቆጣጠር ሲባል እንዳይወሰዱ መክሯል። ምክሩ አስቀድሞ የስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ባይመለከትም፣ ምላስን ከጣፋጭ የማላቀቅ ዓላማ ላለው ሰው ማጣፈጫን በማጣፈጫ መተካት ሩቅ እንደማያደርስ መገመት ይቻላል።

አምሮት ብዙ ጊዜ የረሀብ ሌላ ስም ነው። ቁርሱን በሻይና በዳቦ ብቻ ያሳለፈ ሰው ረፋዱ ላይ ጣፋጭ ቢያምረው አያስገርምም። ፉል፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ወይም ከሻይ ጋር አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ረሀቡን ስለሚያቆይ አምሮቱንም ያበርደዋል። እዚህ ላይ ግን የአቅምን ጉዳይ መዘንጋት አይገባም። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክማ ለምትወርድ ሴት ጣፋጭ ሻይና ዳቦ ቅምጥልነት ሳይሆን ምሳ ነው። ቀኑን ሙሉ ከመሸመኛው ጉድጓድ ለማይነሣው የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ግን ያው ሻይና ዳቦ ሌላ ትርጉም አለው። ለመጀመሪያዋ የሚያስፈልጋት ስኳሩን ከመንጠቅ በፊት በምትኩ የምትበላው ነገር ነው። ምትክ ሳያመለክቱ መከልከል ደሃን መቅጣት ይሆናል።

የእንቅልፍ ማጣትም አምሮትን ያባብሳል። ይህን ሌሊቱን በተረኝነት የሚያድረው የጤና ባለሙያ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በሌሊቱ አጋማሽ የሚጠጣው ሦስት ማንኪያ የተጨመረበት ሻይ የድካም መድኃኒት መስሎ ይታያል። እንግዲህ መመሪያውን በራሱ ሻይ ክበብ ያልሞከረ ተቋም ለታካሚ ሲያስተምር ድምፁ ይሰልላል። ስኳሩን ከሻዩ ለይቶ በሳህን ማቅረብ፣ ማንኪያውንም ትንሽ ማድረግ በጀት የማይጠይቅ ጅምር ነው። አንድ ቀን ደግሞ የክበቡን ማንኪያ በመድኃኒት ቤቱ ሚዛን ላይ መዝኖ ውጤቱን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከብዙ ገለጻ የበለጠ ያስተምራል።

ከግለሰብ በላይ የሆነው ድርሻ

እስካሁን የተባለው ሁሉ የቤትና የምክር ክፍል ጉዳይ ነው። ነገር ግን በጠርሙስ የሚመጣውን ስኳር ቡና አፍዪዋም ሐኪሙም ሊቀንሱት አይችሉም። ሌሎች አገሮች ይህን ተረድተው ምክርን በሕግ አግዘዋል። ሜክሲኮ በ2014 እ.ኤ.አ. በጣፋጭ መጠጦች ላይ ልዩ ታክስ ጥላ ግዢው ሲቀንስ አይታለች። ቺሊ በ2016 እ.ኤ.አ. ስኳር በበዛባቸው ምርቶች ፊት ላይ ጥቁር የማስጠንቀቂያ ምልክት አስለጥፋለች። ደቡብ አፍሪካም በ2018 እ.ኤ.አ. ታክሱን ከስኳሩ መጠን ጋር አያይዛለች። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ለስላሳ መጠጥን ከታክስ ከፋይ ምርቶች መካከል አድርጎታል። የደቡብ አፍሪካው ትምህርት ግን ታክሱ በስኳሩ መጠን ሲሰላ አምራቹም ስኳሩን እንዲቀንስ ምክንያት ያገኛል የሚለው ነው። የሙያ ማኅበራት ድምፃቸውን ሊያሰሙ የሚገባው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ሕፃናትም ለብቻቸው መታሰብ አለባቸው። 30 ግራም ለአዋቂ የተቀመጠ መጠን ሲሆን፣ በእንግሊዝ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት የተያዘው 19 ግራም ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወር ለሆኑ ሕፃናት ጣፋጭ መጠጥ እንዳይሰጥና ስኳር የበዛበት ምግብ እንዲወገድ መክሯል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ለሁለት ልጆች የሚያካፍል ወላጅ ቁጠባ እንጂ ጉዳት አይታየውም። የግማሽ ጠርሙሱ ስኳር 16 ግራም መሆኑን ቢያውቅ ግን ምናልባት ለልደት ብቻ ያደርገው ነበር።

ማጠቃለያ

ብሔራዊው መመሪያ ለስኳር ያስቀመጠው ቁጥር የሚያስመሰግነው ነው። የጎደለው ቁጥሩን ከሕዝቡ መለኪያና ከሕዝቡ ወግ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ነው። መመሪያው በሚሻሻልበት ጊዜ ምክሩ በሚከተለው መንገድ ቢገለጽ ለባለሙያውም ለሕዝቡም ይቀላል፦ «በቀን የሚወስዱት ስኳር በአጠቃላይ ከ7 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ የቀኑን ድርሻ ብቻውን ይጨርሳል። ማርና ጭማቂም ከስኳር ይቆጠራሉ። ስኳሩን ጠጪው ራሱ ይጨምር።»

ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች ብዙ የሚለውጠው የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም። ስኳሩን ከሲኒው አውጥቶ ከረከቦቱ አጠገብ በሳህን ማስቀመጥ ቡናውን አያጎድልም፤ የእንግዳን ክብርም አይነካም። እንዲያውም ለእንግዳው ምርጫ ማክበር ነው። ይህን ቤት ለቤት ለማስተማር ከከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የተሻለ ቦታ ላይ ያለ የለም፤ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ቤቱ ውስጥ ይገኛሉና። ትምህርቱም ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ለምታፈላው፣ ለሚጋብዘውና ለሚጠይቀው ሁሉ መድረስ ይኖርበታል። በጉለሌ የተጻፈው ምክር በጉለሌ ቤቶች ሥራ ላይ የሚውለው ማንኪያውን የያዘው እጅ ሲሰማው ነው።